ቦሎቄ በጀሪካን፦ ስለ ቦሎቄና ፎሶሊያ ለጠየቃችሁኝ

በየካቲት እትም «በመጋቢት የምንነጋገረው ስለ ቦሎቄ ነው፣ ጥያቄያችሁን ላኩልኝ» ብዬ ነበር። የላካችሁትን ሁሉ አንብቤዋለሁ። እዚህ የመረጥኳቸው ሰባት ናቸው፤ የቀሩት ከእነዚህ ከአንዱ ወይም ከሌላው ጋር ስለሚመሳሰሉ መልሳችሁን እዚሁ ታገኙታላችሁ።

አምዱን አዲስ ለምታነቡ፣ እኔ በመቂና በዝዋይ አካባቢ በግብርና ጽሕፈት ቤት የቤት ኢኮኖሚክስ ባለሙያ ሆኜ 26 ዓመት ሠርቻለሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የምኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ያለችኝ መሬት በረንዳዬ ናት፤ ርዝመቷ አራት እርምጃ፣ ወርዷ አንድ እርምጃ ተኩል። በዚያች ላይ ዘንድሮ አምስት ጀሪካን፣ ሁለት የቀለም ባልዲና አንድ የተሰነጠቀ ሳፋ ተደርድረዋል።

ወደ ደብዳቤዎቹ ከመግባቴ በፊት ብዙዎቻችሁ ያደናገራችሁን ስም ላጥራ። ቦሎቄና ፎሶሊያ ሁለት ተክል አይደሉም። ለጋ ሳለ ከነልጣጩ ቀንጥሰን ከካሮት ጋር የምንሠራው ፎሶሊያ ነው፤ ያው ዛላ ተክሉ ላይ ደርቆ ሲፈለፈል ቦሎቄ ይባላል። ልዩነቱ በዘሩ ላይ ነው። ለፎሶሊያ የተመረጠው ዘር ክር አያወጣም፣ ልጣጩም ሥጋ አለው። ለደረቅ ቦሎቄ የተመረጠው ግን ቶሎ ክር ያወጣል፣ ልጣጩም ጥርስ ውስጥ ይቀራል። ባቄላ ግን ከሁለቱም የተለየ ሌላ ተክል ነው፤ ጠባዩም ለብቻው ነው።

«12 ዘርቼ ሦስት በቀሉ፣ ሦስቱም ወደቁ»

*«ውድ እትዬ፣ የምኖረው ገላን ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ነው። ባለፈው ሐምሌ የ20 ሊትር ጀሪካን ቆርጬ አፈር ሞላሁና ከሱቅ የገዛሁትን ቀይ ቦሎቄ ሌሊቱን ዘፍዝፌ 12 ፍሬ ዘራሁ። ዝናብ እንዲያገኝ ብዬ በረንዳው ጫፍ ላይ አስቀመጥኩት። ሦስት ብቻ በቀሉ፤ እነሱም በሁለት ሳምንት ውስጥ ከሥራቸው ጠቁረው ወደቁ። ፍሬው መጥፎ ነበር ወይስ ፎቅ ላይ አይሆንም?» ከአዲስ አበባ*

ወንድሜ፣ ፍሬህ ደህና ነበር፤ ፎቁም ጥፋት የለበትም። ቦሎቄህን የገደሉት ቅዝቃዜና ውሃ ተባብረው ነው። ይህ ተክል ዘሩ ከመካከለኛውና ከደቡብ አሜሪካ ነው፣ የሞቀ አፈር ይወዳል። አፈሩ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሲሆን በሳምንት ብቅ ይላል። ከ12 ዲግሪ በታች ሲሆን ግን አይበቅልም፤ አፈር ውስጥ ተቀምጦ ይበሰብሳል። በሐምሌ አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ የለም፣ አፈሩ እንደ ጭቃ ነው። አንተ ደግሞ ሌሊቱን ውሃ የጠጣ ፍሬ እዚያ ውስጥ ጨመርክበት። የተዘፈዘፈ ፍሬ ቆዳው ስለሚላላ እርጥብና ቀዝቃዛ አፈር ውስጥ ሻጋታ ያለ ችግር ይገባበታል።

«ገበሬው እኮ በሰኔና በሐምሌ ነው የሚዘራው» ትለኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ መቂም ሻሸመኔም እንደዚያ ነው የሚዘሩት። ግን መቂ ያለችው ከባሕር ወለል በላይ 1,650 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ አፈሩ ውሃ ያሳልፋል፣ ዝናቡ ሲያባራም ወዲያው ፀሐይ ይወጣል። አዲስ አበባ 2,300 ሜትርን አልፋ ነው ያለችው። የመቂን ቀን መቁጠሪያ ይዘህ ገላን ላይ መዝራት አይሆንም። ለአዲስ አበባ በረንዳ ሁለት ጊዜ አለልህ። አንደኛው አሁን ነው፤ ከመጋቢት መግቢያ እስከ ሚያዝያ አጋማሽ። ሁለተኛው ከጳጉሜን እስከ መስከረም 10 ነው፤ ከዚያ ካሳለፍከው የኅዳርና የታኅሣሥ ቅዝቃዜ አበባው ላይ ይደርስበታል። ዘር ሻጮች ለለጋ ፎሶሊያ ከ50 እስከ 60 ቀን ይላሉ፤ በእኔ በረንዳ ግን ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ከ65 ቀን በፊት ቀንጥሼ አላውቅም።

አሁን ወደ ጀሪካኑ። ታቹን ስለ መብሳትህ ምንም አልነገርከኝም፤ አልበሳኸውም ብዬ እፈራለሁ። ሚስማር አግለህ ከሥሩ ስምንት ወይም አሥር ቦታ ብሳው፣ ቀዳዳው የትንሽ ጣት ውፍረት ይኑረው፤ ከዚያ ሁለት ጡብ ላይ አስቀምጠው። መሬት ላይ ከተለጠፈ ቀዳዳ ኖረ አልኖረ ለውጥ የለውም። እኔ ጀሪካኑን ማቆም ትቻለሁ። አጋድሜ ሰፊውን ጎኑን እቆርጠዋለሁ፤ ያኔ ጥልቀቱ አንድ ስንዝር ከምናምን ይሆናል፣ ሐረግ ለማያወጣው ዓይነት ይበቃዋል፣ አምስት ወይም ስድስት ተክልም ይይዛል። ሐረግ ለሚያወጣው ግን ጀሪካኑ ቆሞ አፉ ብቻ ይቆረጥ፤ ከሦስት ተክል በላይ አታድርግበት። ኬሚካል ወይም ነዳጅ የነበረበትን ጀሪካን ግን ብታጥበውም አትጠቀምበት።

አፈሩን ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰለ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ የወንዝ አሸዋ አድርገህ ቀላቅል። መረሬ፣ ያ ጥቁሩ ጭቃማ አፈር፣ ብቻውን አይሆንም፤ ሲረጥብ ያፍናል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቅና ሥሩን ይበጥሳል። ሞልተህ ስትጨርስ አንድ ጣሳ ውሃ አፍስስበትና እይ። አንድ ደቂቃ ገደማ ውስጥ ከታች መንጠባጠብ አለበት። ላይ ተኝቶ ከቀረ አሸዋ ጨምርበት።

አፈሩን የምታጠጣው ከመዝራትህ በፊት በነበረው ቀን ነው። ፍሬውን ሳትዘፈዝፍ፣ ደረቁን፣ ከሦስት እስከ አራት ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ዝራው። ከዚያ እስኪበቅል ውሃ አታጠጣ፤ ላዩ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ከደረቀ ብቻ በእጅህ እርጭ አድርግበት። ቦሎቄ ሲበቅል አንገቱን አጉብጦ ነው አፈሩን የሚሰነጥቀው፤ ሁለቱን ክኮቹን ተሸክሞ ይወጣል። በየቀኑ ውሃ የሚፈስበት አፈር ደግሞ ላዩ እንደ ምጣድ ይደርቅና አንገቱን ይሰብረዋል። ሰባት ቀን፣ ቢበዛ 12 ቀን ታገሥ፤ አፈሩን እየጫርክም አትይ። እኔ በረንዳዬ ላይ ከሞቱብኝ ቦሎቄዎች ውስጥ በጥማት የሞተ አንድ እንኳ ትዝ አይለኝም፤ ሁሉም የሞቱት ውሃ በዝቶባቸው ነው።

«ቅጠሉ ያምራል፣ ፍሬ ግን የለም»

*«እትዬ እንዴት ነሽ? ቤቴ ሐዋሳ ነው፣ ጓሮ አለኝ። ፎሶሊያው አጥሩን አልፎ ጎረቤት ገብቷል፤ ቅጠሉ የእጄን መዳፍ ያክላል። የከብት ፍግ አድርጌበታለሁ፣ ሁለት ጊዜ ዩሪያም ረጭቼበታለሁ። ሦስት ወር ሊሞላው ነው፤ አበባው ከ10 አይበልጥም። ምን ጎደለው?» ከሐዋሳ*

እህቴ፣ ምንም አልጎደለውም፤ የበዛበት ነገር ነው ያለው።

አንድ ነገር ላጫውትሽ። መቂ በሠራሁባቸው የመጀመሪያ ዓመታት አንዲት እናት ነበረች፤ የኩበት ክምሯ አጠገብ ቦሎቄ ዘራች። «ፍግ ጨምሪበት» ያልኳት እኔ ነኝ፤ ለጎመን የሚበጀው ለቦሎቄም የሚበጅ መስሎኝ። ተክሉ በሚያስቀና ሁኔታ ለመለመ። በመጨረሻ የሰበሰበችው ግን አንድ ድስት እንኳ አልሞላም። ባሏ የዘራው ምንም ያልተጨመረበት ማሳ ግን ፍሬው ተንዠርጎ ነበር። ከሁለቱም አንዳንድ ተክል በአካፋ ነቅለን ሥራቸውን አጠብን። የባሏ ማሳ ላይ ያለው ሥሩ ከሰናፍጭ ፍሬ እስከ ምስር በሚያክሉ እብጠቶች ተሞልቷል፤ በጥፍሬ ሰነጠቅሁት፣ ውስጡ እንደ ሥጋ ሮዝ ነው። የእሷ ግን ሥሩ ልሙጥ ነበር። ያቺ ሴት ያንን ያህል ሥራ የሠራችው በእኔ ምክር ነበር። እስከ ዛሬ ሳስበው ይከነክነኛል፤ ስለዚህ ነው ይህን ጥያቄ ያለ መልስ የማላልፈው።

እነዚያ እብጠቶች የባክቴሪያ ቤቶች ናቸው። ተክሉ ስኳር ያበላቸዋል፤ እነሱ ደግሞ ከአየር ናይትሮጅን ይዘው ይመግቡታል። ሮዝ የሆነው በሥራ ላይ ያለው ነው፤ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ከሆነ ሥራ አቁሟል። አፈሩ ዩሪያና ፍግ ከጠገበ ተክሉ እነሱን ማብላቱን ይተዋል። በነጻ ያገኘውን ናይትሮጅን ሁሉ ደግሞ ቅጠልና ሐረግ ላይ ያፈሰዋል፤ ወደ አበባ የሚመለሰው ሲርበው ነው።

አሁን ምን ታደርጊያለሽ? ዩሪያውን ዛሬውኑ አቁሚ፤ ፍግም አትጨምሪ። የሐረጉን ጫፎች ቁመትሽ ላይ ሲደርሱ ቀንጥቢ። ውሃውን ቀነስ አድርጊ፤ ሆኖም አበባ ሲጀምር እንዳይጠማው። ደግሞ ቀና ብለሽ እዪልኝ፤ ሐዋሳ ብዙ ጓሮ ውስጥ አቮካዶ ወይም ማንጎ አለ። ቦሎቄ በቀን ስድስት ሰዓት ፀሐይ ካላገኘ ያለ ዩሪያም ቢሆን ቅጠል ብቻ ነው የሚያወጣው። ለሚቀጥለው ወቅት ያንን መደብ ለጎመን ልቀቂው፣ ደስ ብሎት ያድግበታል። ቦሎቄውን ዘንድሮ ጎመን የነበረበት ላይ ዝሪ፤ ለጎመኑ ያደረግሽበት ፍግ ይበቃዋል።

በጀሪካንና በባልዲ ለምትዘሩ ደግሞ አንድ የምጨምረው አለ። ከግንባታ ቦታ የመጣ አፈር ውስጥ እነዚያ ባክቴሪያዎች ላይኖሩ ይችላሉ። ቦሎቄ ጤነኛ ሆኖ ከበቀለበት ማሳ ሁለት እፍኝ አፈር አምጥታችሁ ቀላቅሉበት። እኔ ዘመዶቼን ለመጠየቅ ወደ መቂ በወረድኩ ቁጥር በፌስታል ይዤ እመለሳለሁ።

«ግንዱ አብጦ ይሰነጠቃል»

*«ቡቃያው ደህና ይወጣል። በሦስተኛው ሳምንት ላይ ቅጠሉ ቢጫ ይሆንና ይጠወልጋል። ስነቅለው ግንዱ ከአፈሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ አብጦ ተሰንጥቋል። ውሃ አሳንሼበት ይሆን?» ከቢሾፍቱ*

ውሃ አይደለም። ግንዱን በጥፍርህ ልጠው፤ ከቆዳው ሥር ከጤፍ ፍሬ ጥቂት የሚበልጡ ቡናማ ነገሮች ካገኘህ የቦሎቄ ዝንብ ነው። በአገራችን ለዚህ ተክል ዋነኛው ጠላት እሱ ነው። ጥቁር፣ በጣም ትንሽ ዝንብ ናት፤ እንቁላሏን ገና በተከፈቱት የመጀመሪያ ቅጠሎች ላይ ትጥላለች። ትሉ በቅጠሉ ደም ሥር አድርጎ ግንዱ ውስጥ ይገባና ወደ ታች እየበላ ይወርዳል፤ ምግብና ውሃ የሚመላለስበትን መንገድ ይዘጋል። ትሉ ከገባ በኋላ ላዩን መርጨት ዋጋ የለውም። የምትበላው ተክል ላይ፣ በጓሮህ፣ የማታውቀውን መድኃኒት ባትረጭ ደግሞ ደስ ይለኛል።

የሚያድነው ኩትኳቶ ነው። ቡቃያው ሁለት ሳምንት ሲሞላው አፈሩን ከግራና ከቀኝ ስበህ ግንዱን እስከ መጀመሪያዎቹ ቅጠሎች ድረስ አልብሰው። ተክሉ ከቁስሉ በላይ አዲስ ሥር ያወጣል፤ በዚያ ይተርፋል። አርሶ አደሮቹ ሴቶች ይህን ያደርጉ የነበረው እኔ ሳላስተምራቸው ነው። «ቦሎቄን ብርድ እንዳይመታው ነጠላ አልብሺው» ይሉኝ ነበር፤ ነጠላው አፈሩ ነው። የሞተውን ቡቃያ ነቅለህ ሜዳ ላይ አትጣል፤ አቃጥለው፤ ያለዚያ ዝንቧ ከዚያው ትወጣለች። በአንድ ጉድጓድ ሁለት ፍሬ ዝራና የሚተርፈውን ጠንካራውን ተው። ጎረቤት ሁሉ ከዘራ በኋላ ዘግይተህ አትዝራ፤ ዝንቧ ተራብታ የምትጠብቀው የዘገየውን ነው።

በረንዳ ላይ ላላችሁ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት በስስ የመስኮት መጋረጃ ሸፍኑት። የአልጋ አጎበር አይሁን፤ እሱ መድኃኒት የተነከረ ነው፣ ሥራውም ሌላ ነው።

ከደብረ ብርሃን

*«ሁለት ዓመት ቦሎቄ ሞከርኩ፤ ሁለቱንም ጊዜ አንድ ሌሊት ላይ ጠቁሮ አደረ።»*

ውርጭ ነው፤ መድኃኒት የለውም። ከ2,700 ሜትር በላይ ሆነሽ ከቦሎቄ ጋር አትታገዪ። ባቄላ ዝሪ። ባቄላ ብርድ ይወዳል፤ ቦሎቄ የሚሞትበት ቅዝቃዜ ለእሱ ምኑም አይደለም። በሰኔ በጓሮሽ ሁለት መስመር፣ በመስመሮቹ መካከል 40 ሳንቲ ሜትር ትተሽ ዝሪ። ውሃ የሚተኛበት ከሆነ መደቡን ከፍ አድርጊው። ልጆችሽ መስከረም ላይ እሸት ይበላሉ። እኔ የባቄላ እሸት ሲያምረኝ ወደ እናንተ አገር ነው የምመለከተው፤ መቂ ሳለሁም ከዚያ የሚመጣውን ነበር የምንጠብቀው።

«ልጄ ጥሬውን በላ»

*«ውድ እትዬ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። በረንዳ አለኝ። ከሱቅ የገዛሁትን ትልቁን ቀይ ቦሎቄ ልዘራ ስል የአራት ዓመት ልጄ ጥቂት ጥሬ ፍሬ አኝኮ ዋጠ። ማታ አስመለሰው፤ ሐኪም ጋ ወስጄው ደህና ሆኗል። መርዝ ነው እንዴ? እኛ አገር ቤት በልተነው ነው ያደግነው። ደግሞስ እዚህ መቼ ነው የሚዘራው?»*

እግዚአብሔር ይመስገን ልጁ ዳነ። ወደ ሐኪም መውሰድሽ ልክ ነው። እኔም ይህን ደብዳቤ የመረጥኩት ሌሎች እናቶች እንዲያነቡት ነው።

ጥሬ ቦሎቄ፣ በተለይ ትልቁ ቀይ፣ ሆድን የሚያውክ ፕሮቲን አለው። አራት ወይም አምስት ጥሬ ፍሬ እንኳ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ያስመልሳል፣ ሆድ ይቆርጣል፣ ያስቀምጣል። እኛን ያልጎዳን እናቶቻችን ሌሊቱን ዘፍዝፈው፣ ውሃውን ደፍተው፣ በአዲስ ውሃ እስኪፈርስ ስለሚቀቅሉት ነው። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ለዚህ ነው ቦሎቄ እሳት ላይ ግማሽ ቀን የሚውለው። እናንተ አገር ግን ኤሌክትሪክ ሰክታችሁ በቀስታ ስምንት ሰዓት የሚያበስለውን ማሰሮ ትወዳላችሁ። ጥሬ ቦሎቄ በቀጥታ እዚያ ውስጥ አይግባ። ለብ ባለ ሙቀት ብቻ የበሰለ ቦሎቄ እንዲያውም ከጥሬው ሊብስ ይችላል። መጀመሪያ ምድጃ ላይ፣ በአዲስ ውሃ፣ እየተንተከተከ ቢያንስ 10 ደቂቃ ይፍላ፤ እኔ ለልጆች የምሠራ ከሆነ 30 ደቂቃ አስፈላዋለሁ። ከዚያ ወደፈለግሽው ማሰሮ አዙሪው።

መዝራቱን በተመለከተ፣ ያ ከሱቅ የገዛሽው ይበቅላል። ግን ደረቅ ቦሎቄ ለመሰብሰብ ነው የሚሆነው፤ ከአንድ ባልዲ የምታገኚው ደግሞ እፍኝ ነው። በረንዳ ላለው ሰው የሚያዋጣው ፎሶሊያ ነው። ሐረግ የሚያወጣ የፎሶሊያ ዘር ግዢ። በአንድ 20 ሊትር ባልዲ ሦስት ተክል አድርጊ፤ ሁለት ሜትር ሸምበቆ ሦስት አቁመሽ ጫፋቸውን እንደ ድንኳን እሰሪ። አፈሩ እንዲሞቅ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ፣ በእነሱ ግንቦት መጀመሪያ፣ ጠብቂ፤ ከዚያ በፊት ቅዝቃዜው ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። ሐምሌያችሁ ሲበረታ አበባው ቢረግፍ አትደንግጪ፤ ከ32 ዲግሪ ሲያልፍ አበባው አያረግዝም። ሙቀቱ ሲቀንስ ተክሉ ጤነኛ ከሆነ እንደገና ያብባል። ሐረግ የማያወጣውን ዓይነት ደግሞ በእኛ በሐምሌ ሦስተኛው ሳምንት ዝሪ፤ ከጥቅምታቸው ውርጭ በፊት ይደርስልሻል።

ለመልቀም በሁለት ቀን አንዴ ውጪ። አንድ ዛላ እንኳ ፍሬው አብጦ ተክሉ ላይ ከቀረ፣ ተክሉ ዘሩን የተካ ይመስለዋልና ማበቡን ይቀንሳል። ስትለቅሚ በአንድ እጅሽ ሐረጉን ያዢው፤ በአንድ እጅ የተጎተተ ፎሶሊያ ቅርንጫፉን ይዞ ይመጣል። ይህን ሥራ ለልጅሽ ስጪው። ጥሬ ፍሬ ለምን እንደማይበላ እየነገርሽው ራሱ ይልቀም፤ የለቀመውን ልጅ ከሳህኑ አይመልሰውም።

ከዱባይ

*«እህቴ፣ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ነኝ፤ በረንዳው ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ያገኛል። አሁን ፎሶሊያ ብዘራስ?»*

አሁን አይደለም የኔ እመቤት። አንቺ ያለሽበት አገር ቦሎቄ የሚዘራው በእነሱ የብርድ ወራት ነው። ከኅዳር መጀመሪያ እስከ ጥር አጋማሽ ዝሪ፤ እስከ መጋቢት ትለቅሚያለሽ። ዛሬ ብትዘሪው ሲያብብ የሚጠብቀው 38 ዲግሪ ነው። እጅሽ ሥራ ካማረው ሆዷ ላይ ጥቁር ዐይን ያላትን ነጭ ሎቢያ ሞክሪ፤ የቦሎቄ ዘመድ ናት፣ ሙቀት ትችላለች። ጥቁር ባልዲ አትጠቀሚ፤ ነጭ ይሁን፣ ወይም በነጭ ጨርቅ ጠቅልዪው። የባልዲው ጎን ሲግል ሥሩ ይቀቀላል። ውሃ የምትሰጪው ጠዋት፣ ሥራ ሳትጀምሪ ነው።

«ለዘር ያስቀመጥኩት ተበሳስቶ ጠበቀኝ»

*«ባሕር ዳር ነኝ። አምና ከእናቴ ጓሮ ያመጣሁት ቦሎቄ በጣም ግሩም ነበር። ለዘር ብዬ በብርጭቆ ዕቃ ከደንኩት። ዘንድሮ ስከፍተው ሁሉም ቀዳዳ ቀዳዳ ሆኗል፤ ነቀዝ ውስጡ ይርመሰመሳል። የዘጋሁት ነገር ውስጥ ከየት ገባ? የእናቴ ዘር ስለሆነ በጣም አዝኛለሁ።»*

ማዘንሽ ይገባኛል። የእናት ዘር ከሱቅ አይተካም። ግን ተስፋ አትቁረጪ፤ እናትሽ ጋ አንድ እፍኝ ካለ ሁሉም ይመለሳል። ቦሎቄ ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል የሚወለደው ወላጁን ይመስላል፤ ከሰባት ዓመት በፊት ያመጣኋት ዥንጉርጉር ቦሎቄ ዛሬም ያቺው ናት።

ነቀዙ የገባው ከደንሽው በኋላ አይደለም። አንዱ ዓይነት ነቀዝ እንቁላሉን የሚጥለው ገና ጓሮ ሳለ፣ በሚደርቀው ዛላ ላይ ነው። አንቺ ስትከድኚው ትሉ ፍሬው ውስጥ ተኝቶ ነበር።

ስለዚህ ከመጀመሪያው እንያዘው። ገና ሲያብብ ጤነኛውን ተክል ምረጪና ቀይ ክር እሰሪበት፤ ከእሱ ለወጥ አይቀነጠስም። ቅጠሉ ቢጫና አረንጓዴ ተዥጎርጉሮ የተጨማደደ ተክል ካለ ለዘር አትያዢው፤ ያ ቫይረስ ነው፣ በፍሬው ውስጥ ወደሚቀጥለው ዓመት ይሻገራል። ዛላው ደርቆ ስትነቀንቂው ሲንኳኳ ሰብስቢ፤ ከዚያ በላይ ጓሮ አታቆዪው። ፈልፍለሽ ጥላ ውስጥ በሰፌድ አስጪው። ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ ማስጣት ፍሬውን ይገድለዋል። መድረቁን የማውቀው በጥርሴ ነው፤ ነክሼው የጥርስ ምልክት ከቀረበት ገና ነው፣ እንደ ጠጠር ሲሆን ደርሷል።

ከዚያ ማቀዝቀዣ ካለሽ በደንብ የደረቀውን ፍሬ በብርጭቆ ዕቃ ከድነሽ በረዶ በሚሠራው ክፍል ሰባት ቀን አስቀምጪ። እንቁላሉም ትሉም ይሞታል። እርጥብ ፍሬ ከሆነ ግን ራሱ ፍሬውም ይሞታልና መድረቁን ሳታረጋግጪ አታስገቢ። ስታወጪው ዕቃውን ወዲያው አትክፈቺ፤ አንድ ሌሊት ውጭ ይደር፣ ያለዚያ የአየሩ እርጥበት ፍሬው ላይ ላብ ሆኖ ይቀመጣል። ማቀዝቀዣ ከሌለሽ ለአንድ ኪሎ ፍሬ አንድ የሻይ ማንኪያ የምግብ ዘይት አድርገሽ በእጅሽ እሺው፤ እያንዳንዱ ፍሬ ሲያብለጨልጭ ነቀዙ እንቁላሉ አይያዝለትም። መቂ እያለን ዘር የምናሳድረው በዚህ ነበር።

አሁን እጅሽ ላይ ያለውን ደግሞ እንዳለ አትጣዪው። ቀዳዳ የሌለባቸውን ለይተሽ ለሰባቱ ቀን ብርድ አስገቢ። ከዚያ አሥር ፍሬ ቆጥረሽ እርጥብ ጨርቅ ውስጥ ጠቅልዪና ምድጃው አጠገብ ስድስት ቀን አቆዪ። ስምንት ወይም ከዚያ በላይ ካቆጠቆጡ እንደ ልማድሽ ዝሪ። አምስት ወይም ስድስት ከሆኑ በየጉድጓዱ ሁለት ሁለት አድርጊ። ሁለት ብቻ ቢሆኑም እነዚያን ሁለቱን ከጨርቁ አውጥተሽ በጥንቃቄ ባልዲ ውስጥ ትከዪ፤ አንድ ተክል ሲያፈራ ለሚቀጥለው ዓመት ከ50 በላይ ፍሬ ይሰጥሻል።